አሳታሚው ይቅር፤ አርታኢው ግን አይቅር

በየወጣት ኅብረቱ አንድ አነጋገር እየተለመደ መጥቷል። «አሳታሚ ምን ያደርግልኛል? ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ፒዲኤፍ አድርጌ በቴሌግራም እለቀዋለሁ፤ ጌታ ለፈቀደለት ሰው ይደርሳል» ይባላል። ንግግሩ ድፍረት አለው፤ እምነትም ያለበት ይመስላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን አንባቢውን እየጎዳ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥነ ጽሑፍም እያቀጨጨ ነው። ዛሬ የምከራከረው ስለዚያ ግማሽ ነው።

በቅድሚያ ክርክር የማያስፈልገውን ከመንገድ እናንሳ። መጽሐፍ ማለት ወረቀት አይደለም። ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን ያነበበ ይህን ያውቃል። ነቢዩ ቃሉን ተናገረ፤ ባሮክ በቀለም በክርታስ ላይ ጻፈው፤ ንጉሥ ኢዮአቄም እየቆራረጠ እሳት ውስጥ ጣለው። ክርታሱ ዐመድ ሆነ፤ መጽሐፉ ግን አልሞተም። በሌላ ክርታስ ተጻፈ፤ እንዲያውም ተጨመረበት። ስለዚህ «በስልክ የሚነበብ መጽሐፍ መጽሐፍ አይባልም» የሚሉንን ታላላቆቻችንን በአክብሮት እንቃወማቸዋለን። ቤሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ከአዲስ አበባ መጽሐፍ ማስላክ ይከብዳታል፤ ሥራዋን ጨርሳ ማታ በስልኳ ማንበብ ግን ትችላለች። ወረቀት ከውጭ በሚገባበትና የኅትመት ዋጋ በናረበት አገር የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በረከት ነው። በዚህ አንጣላም።

የሚያጣላን «አሳታሚ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ይህን ክርክር ከውጭ እንደ ወረደ ስንቀበለው አንድ ነገር እንስታለን። በአሜሪካና በአውሮፓ በነባሩ አሠራር ደራሲው ረቂቁን ያቀርባል፤ አሳታሚው ከተቀበለው የአርትዖቱን፣ የኅትመቱንና የሥርጭቱን ወጪ ራሱ ይሸፍናል፤ ለደራሲው ከሽያጩ ድርሻ ይከፍለዋል። ድርሻው ትንሽ ነው፤ ለጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ኪንድልን ሲያወጣ ደራሲው ያለ አሳታሚ በቀጥታ የሚሸጥበት በር ተከፈተለት። ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ዋጋ ያለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በብዙ አገሮች ሲሸጥ 70 በመቶው ለደራሲው ይደርሳል፤ ከዚያ በታችም ሆነ በላይ ሲሆን 35 በመቶ። እዚያ «ራሴ አሳትማለሁ» ያለ ሰው በእርግጥም የተላቀቀው ነገር አለ።

እኛ የምንላቀቀው ከማን ነው? አብዛኛው የአማርኛ ደራሲ ድሮም የራሱ አሳታሚ ነው። ተበድሮ ወይም ወዳጅ ለምኖ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል። ማተሚያ ቤቱ የመጣለትን ያትማል እንጂ «ሦስተኛው ምዕራፍ ደክሟል፣ መልሰህ ጻፈው» አይለውም፤ ሥራው አይደለምና። ከዚያ ደራሲው መጽሐፉን በካርቶን ተሸክሞ ለአከፋፋይ ያስረክባል፤ አከፋፋዩ ድርሻውን ያነሣል፤ ቀሪውን ሒሳብ ለመሰብሰብ ደራሲው ይመላለሳል። የኛዎቹም ጸሐፊዎች ከአምልኮ በኋላ ደጅ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው መጽሐፋቸውን ራሳቸው ሲሸጡ አይተናል። ስለዚህ ቴሌግራም ከአሳታሚ ነፃ አላወጣንም። ነፃ ያወጣን ከማተሚያ ቤት ክፍያና ከካርቶን ሸክም ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ስሙን በትክክል እንጥራው።

«ጠንካራ አሳታሚ በነበረን ጊዜስ ምን አተረፍን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ነበረን፤ ሳንሱርም ከአጠገቡ ነበረ። ኩራዝ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰብስቧል፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፍቷል። እኛም የራሳችን ትዝታ አለን። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሷል፤ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፤ ምእመናን ዝማሬና ትምህርት በእጅ እየገለበጡ ተቀባብለዋል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ምን ማለት እንደሆነ ይህች ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። ዘበኛው ይመለስ የሚል ቃል ከእኔ አትሰሙም።

ነገር ግን በዚያ በር ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ «አትገባም» የሚለው ዘበኛ ነው። ሌላዋ ልጁ በጤና እንዲወለድ የምትረዳው አዋላጅ ናት። ዘበኛውን ስናባርር አዋላጇንም አብረን አባረርናት። አርታኢ አዋላጅ ነው።

አርታኢ ማለት የፊደል ግድፈት የሚለቅም ሰው ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። የአርታኢ ዋና ሥራ መጠየቅ ነው። «ሮሜ 8 ብለህ የጻፍከው ሐሳብ ያለው ገላትያ 5 ላይ ነው፤ አይተኸዋል?» ይላል። «በገጽ 12 የሞተው አባት በገጽ 80 ሠርግ ላይ እንዴት ተገኘ?» ይላል። «በዚህ ምስክርነት ውስጥ ያለችው ልጅ ስሟ ባይጠቀስም ሰፈሯ ያውቃታል፤ አስፈቅደሃታል?» ይላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ወጣት «መድኃኒቴን ጥዬ ዳንሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ አርታኢ «ሐኪም አረጋግጧል? ይህን አንብባ ነገ ጠዋት ክኒኗን የምታቆም እህት ብትኖርስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ እምነት ማነስ አይደለም፤ ለወገን ማሰብ ነው። በዚህች ጥያቄ ላይ የሰው ሕይወት ሊንጠለጠል ይችላል። ጽሑፉን ጨርሶ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ «ላክ» የሚለውን የሚጫን ብቸኛ ደራሲ ግን ማን ይጠይቀዋል?

የታተመ መጽሐፍ ቢሳሳት በሚቀጥለው እትም ይታረማል። ፋይልንማ ማረም ይቀላል ትሉ ይሆናል። በእናንተ ቻናል ላይ ልክ ነው፤ ፋይሉን ቀድሞ አውርዶ ለሃያ ቡድን ያስተላለፈው ሰው ጋ ግን የቀድሞው እንዳለ ይኖራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ተረቱ፤ ቴሌግራም ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።

አሁን ወደ ከባዱ መከራከሪያ እንምጣ። «ይህን የሰጠኝ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ሰው እንዲነካብኝ አልፈልግም።» ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህን የምትሉት ከቅንነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን አይደግፋችሁም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲመዝኑ ያዝዛል። በጉባኤ የተነገረ ትንቢት የሚመዘን ከሆነ የእኛ ልብ ወለድ ከሚዛን በላይ የሆነው በየትኛው ሥልጣን ነው? ሉቃስም ወንጌሉን ሲጀምር ሁሉን ከመሠረቱ በጥንቃቄ እንደ መረመረ ይናገራል። መንፈስ ቅዱስ መርቶታል፤ መመርመሩም አልቀረለትም።

የወንጌላውያንን ታሪክ ተመልከቱ። ማርቲን ሉተር በዋርትበርግ ግንብ ተደብቆ ሳለ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የተረጎመው በሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ነው። ጨርሶ አልለቀቀውም። ወደ ዊተንበርግ ተመልሶ የግሪክኛ ሊቅ ከነበረው ከፊልጶስ ሜላንክተን ጋር አረመው፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1522 ታተመ። ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ ከባልንጀሮቹ ጋር እያረመው ኖረ። ወደ አገራችን ስንመጣ ኦነሲሞስ ነሲብን እናገኛለን። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ የነበረው ይህ ሰው ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ክሪሾና ታትሟል። ከጎኑ ቃላት እየሰበሰበችና በቋንቋው እያገዘችው የሠራች አስቴር ጋኖ ነበረች፤ እርሷም ከባርነት የወጣች ናት። ሉተር ሜላንክተንን ከፈለገ፣ ኦነሲሞስም አስቴርን ካስፈለገው፣ እኛ ማንንም ሳንፈልግ የምንጽፈው ምን ሆነን ነው?

«በራሳቸው አሳትመው የተሳካላቸውስ?» ብላችሁ «ዘ ሻክ» የተባለውን ልብ ወለድ ልትጠቅሱ ትችላላችሁ። ጥሩ ምሳሌ ነው። ዊልያም ፖል ያንግ ለልጆቹ የጻፈውን ታሪክ አሳታሚዎች ሳይቀበሉት ቀሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በወዳጆቹ ትንሽ ድርጅት ወጥቶ በሚሊዮን ተሸጠ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው፣ ሁለት ወዳጆቹ ከመታተሙ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ረቂቁን ከእርሱ ጋር ደጋግመው እንደ ጻፉት ነው። ከዚያም ሁሉ በኋላ ስለ ሥላሴ ባቀረበው ሥዕል ብዙ መጋቢዎችና የነገረ መለኮት መምህራን ተከራክረውበታል። አሳታሚ አልነበረውም፤ አርታኢ ግን ነበረው፤ ሐያሲም አላጣም። እኛ የወሰድነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይህንን ደግሞ ሳልለሳልስ እናገራለሁ። የጸሐፊን መጽሐፍ ስካን አድርጎ በቻናል መልቀቅ አገልግሎት አይደለም፤ ስርቆት ነው። «ወንጌል በነፃ ነው» የሚለው መልስ አያስጥልም። ወንጌል በነፃ ነው፤ ጸሐፊው ሦስት ዓመት ያነደደው መብራትና የከፈለው የቤት ኪራይ ግን በነፃ አልነበረም። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 ለሠራተኛ ደመወዝ ይገባዋል የሚለውን ያነሣው በቃልና በማስተማር ለሚደክሙት ነው። በአገራችንም ሕግ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ደራሲው ራሱ ወዶ በነፃ ቢሰጥ ስጦታ ነው፤ ሌላው ሲሰጥለት ግን ስጦታ አይባልም። እሑድ አሥራት አውጥቶ ሰኞ የወንድሙን መጽሐፍ በነፃ የሚበትን ወጣት ሒሳቡን እንደገና ይሥራ።

ስርቆቱ አርትዖቱንም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1525 የሉተር የስብከት መጽሐፍ ገና በኅትመት ላይ ሳለ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ረቂቁን ሰርቆ በሌላ ከተማ እንዲታተም አድርጓል። ሉተር ከመጽሐፎቹ ክፍያ የሚቀበል ሰው አልነበረም፤ ያማረረው በጥድፊያ የሚታተሙት ቅጂዎች ስሕተት እየሞላባቸው ነው። በእኛም ዘመን እንዲሁ ነው። ከመጽሐፉ አንድ ብር ያላገኘ ደራሲ ለሚቀጥለው መጽሐፍ አርታኢ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ሁለተኛውን መጽሐፍ ሳይታረም ያወጣዋል፤ ሦስተኛውን አይጽፈውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በቃል ተስማምቶ መበተን ልማዳችን ስለሆነ ነገሩን ወደ ተግባር ላውርደው።

አንደኛ፣ በየኅብረቱ ሦስት ሰዎች ይመደቡ፤ አማርኛ የሚያውቅ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ጠንቅቆ ያጠና፣ ሦስተኛው ደግሞ ብዙ የሚያነብ ተራ አንባቢ። ከኅብረቱ የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በእነርሱ እጅ ይለፍ። ሥራቸው መከልከል አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ደራሲው ሰምቷቸው በሐሳቡ ቢጸና ውሳኔው የእርሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለአንድ ወር አስቀምጡት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ የሚሰናከልበት ቦታ አንባቢም ይሰናከልበታል።

ሦስተኛ፣ የአርታኢውን ስም በመጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ ጻፉ። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ኃላፊነት አይሰማውም፤ ምስጋናም አያገኝም።

አራተኛ፣ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ከደራሲው ግዙ። አቅም ከሌላችሁ ኅብረቱ በጋራ ይግዛ፤ ወይም ደራሲውን በግልጽ ጠይቁት። ብዙዎቹ እምቢ አይሏችሁም።

አምስተኛው ለሽማግሌዎችና ለመጋቢዎች ነው። ለድምፅ ማጉያና ለኪቦርድ ገንዘብ ስናዋጣ ማንም ለምን አይልም፤ ዝማሬ እንዲያምር እንፈልጋለንና። ለአርትዖት በጀት የያዘች አጥቢያ ግን ስንት ናት? መዘምራን ለአንዲት መዝሙር ሳምንታት ይለማመዳሉ። መጽሐፍ ከመዝሙር ያነሰ ልምምድ የሚገባው ለምንድን ነው?

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ በፊት የነበሩት ማተሚያ ቤት አጥተው በእጅ ገለበጡ፤ ሳንሱር ፈርተው ደበቁ። እናንተ በኪሳችሁ ማተሚያ ቤት ይዛችሁ ትዞራላችሁ። በሩ ላይ ዘበኛ የለም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ቃል የጸሐፊው ሕሊናና የወንድሞች ዓይን ብቻ ነው። ጻፉ፤ በስልክም ልቀቁት፤ አሳታሚም አትጠብቁ። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ለአንድ ሰው ስጡትና «የቱ ጋ ተሳሳትሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ስሙ። ጌታ ብዕራችሁን ይባርክ።