ትንሿን ታንክ ቀለም ስለ መቀባትና ስለ ማስረጀት

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ነገር ብዙ ሰዎች ከጨዋታ አሳልፈው የማይቈጥሩት ነውና አንባቢዎቻችን በትዕግሥት እንዲመለከቱልን እንለምናለን። ይኸውም በሣጥን ተከቶ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ታንክ አምሳያ ገጣጥሞ ቀለም መቀባት፥ ከዚያም ብዙ መንገድ እንደ ሄደና እንደ ዘመተ አስመስሎ ማስረጀት ነው።

ነገሩን ያወቅሁት በእኅቴ ቤት በተነሣ ክርክር ምክንያት ነው። ዕድሜው 14 ዓመት ለሆነው ልጇ፥ የአባቱ ወንድም ከውጭ አገር አንድ የጣሊያን ታንክ አምሳያ ላከለት። ታንኳ ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ይዟት የመጣው፥ በቋንቋቸው «ካሮ ቬሎቼ» ማለት ፈጣን ሠረገላ የሚሏት፥ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው ናት። እኅቴም ይህን ባወቀች ጊዜ፥ «የጠላት ታንክ ከአያታችን ፎቶግራፍ ሥር አይቀመጥም» ብላ ሣጥኑን ከቁም ሣጥን ውስጥ ቈለፈችበት። አያታችን ከልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋራ በሽሬ የዘመቱ ነበሩና ቃሏ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ልጁ ደግሞ «አጎቴ፥ እርስዎ ይፍረዱን» ሲል ላከብኝ።

እኔም ነገሩን ከሁለቱም ከሰማሁ በኋላ፥ ሣጥኑ ይከፈት ዘንድ፥ ነገር ግን ልጁ ምክንያቱን ሳይናገር አንዲት የቀለም ነጥብ እንኳ በታንኳ ላይ እንዳያኖር ፈረድሁ። የምትሠራው ታንክ የማንኛውም ቀንና የማንኛውም ስፍራ ታንክ አትሁን፤ ቀን ይቈረጥላት አልሁት። ቀኑን የመረጠችው እኅቴ ናት። አያታችን ዘወትር ይጠሯት የነበረችውን የደምበጉናን ቀን፥ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. አለች።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠላት መስከረም 22 ቀን መረብን ተሻግሮ ከገባ 73 ቀን ሆኖት ነበር። የልዑል ራስ እምሩ ጦር ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ ተከዜን በማይ ጥምቀት መሻገሪያ አልፎ በድንገት ደረሰ። በዚያ ስፍራ የነበረው የሻለቃ ክሪኒቲ ጦር አንድ ሺህ ያህል ሆኖ፥ አብዛኛው ከኤርትራ የተመለመለ ሲሆን፥ ዘጠኝ ትንንሽ ታንኮች ነበሩት። ወደ ደምበጉና በር ሲያፈገፍግም ተከቦ ቈየው። ታንኮቹ መንገድ ሊከፍቱ ወጡ፤ ነገር ግን ስፍራው ድንጋያማ ነበረና ሊያደርጉት አልቻሉም። ከሻለቃው ጦር ግማሽ ያህሉ በዚያ ቀን ተመታ።

ታንኳን ያወጡት ሰዎች የእንግሊዞችን የካርደን ሎይድን ትንሽ ታንክ መነሻ አድርገው ነው። ክብደቷ ከሦስት ቶን ጥቂት ይበልጣል፤ ሞተሯ 43 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በመልካም መንገድ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ነገር ግን በራሷ ላይ የሚዞር የመድፍ ቤት የላትም። መትረየሶቿ በፊቷ ተተክለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ብቻ ይዘነብላሉ እንጂ ወደ ኋላ ሊመለሱ አይችሉም። ስለዚህ በፊቷ ለቆመ ሰው ሞት ስትሆን፥ በጀርባዋ ለመጣ ሰው ግን ዕውር ናት። ልጁ ይህን ገጣጥሞ ሲጨርስ በጣቱ እየነካ ራሱ አገኘው፤ መጽሐፍ ባነብለት ኖሮ እንደዚህ ባልገባው ነበር።

ወደ ቀለሙ እንመለስ። የፕላስቲኩ ቍርጥራጭ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ስለሚኖርበት፥ አስቀድሞ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ይህን የዘለለ ሰው ቀለሙ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣበታል። የተጣበቀበት ስፍራ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። ከዚያም ግራጫ መነሻ ቀለም፥ እርሱ ሲደርቅ ዋናው ቀለም ይቀባል። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎች ጥቍርና ነጭ ስለ ሆኑ ቀለምን አይነግሩም። ከታንኮቹ አንዳንዶቹ ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ግራጫ፥ ሌሎቹም በቀላ ያለ ቡናማ ላይ አረንጓዴ ጠቃጠቆ ተደርጎባቸው የተቀቡ ነበሩ። እኛ ግራጫውን መረጥን።

እዚህ ላይ አንድ የማይታወቅ ምሥጢር አለ። አምሳያው ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ነው። (ለምን 30 ወይም 40 አልሆነም ለሚል ሰው፥ ይህ ልክ የተለመደው ታሚያ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጀመሪያ ላይ ባወጣው የጀርመን ታንክ አምሳያ ሳቢያ ነው። መጠኑም የተወሰነው በውስጡ ሞተርና ባትሪ እንዲያስገባ ተብሎ ነው፤ በጦር ሠራዊት ደንብ የተወሰነ አይደለም።) ከአምሳያው ግማሽ ሜትር ርቀን ስንመለከተው፥ እውነተኛውን ከ17 ሜትር ተኩል እንዳየነው ይቈጠራል። ከዚያ ርቀት የሚታይ ነገር ደግሞ በመካከሉ ባለው አየር ምክንያት ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ እውነተኛው ታንክ የተቀባበትን ቀለም እንዳለ ብንቀባው አምሳያው ጨልሞ ይታያልና፥ ጥቂት ነጭ ጨምሮ ማፍዘዝ ይገባል።

ዋናው ቀለም ከደረቀ በኋላ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ ይቀባል፤ አንድ ቀን ሙሉ ይደር። ቀጥሎ በአንድ ሲኒ አኳራጅ ውስጥ በክብሪት ጫፍ የተወሰደ ጥቍር ቡናማ የዘይት ቀለም በጥብጦ፥ ወተት የሌለው ሻይ እስኪመስል ማቅጠን ነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የብሎኑን ራስ ብቻ ቢነኩት፥ ቀለሙ ራሱ በመጋጠሚያው እየተሳበ ይሄዳል። ይህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ያስደስታል። መስኮት ግን መከፈት አለበት፤ የአኳራጅ ሽታ ራስ ያዞራልና፥ ሲኒውም ዳግመኛ ቡና እንዳይጠጣበት ይጣል። (የእኅቴ ቤት ሲኒዎች ስድስት ነበሩ፤ ዛሬ አምስት ናቸው።)

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ማስረጀት ሲሆን፥ ትልቁ ክርክራችን የተነሣው በእርሱ ላይ ነው። ልጁ በሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ እንዳየው ታንኳን በጭቃ ለመለወስ፥ በዝገት ለመሸፈን፥ ቀለሟንም በየስፍራው ለመላጥ ቸኵሎ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን «ወሩ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ታኅሣሥ» አለ። «በታኅሣሥ በሽሬ ጭቃ ከየት ይመጣል?» ብለው ዝም አለ። ክረምቱ ካለፈ ሦስት ወር ሊሆነው ነው፤ ምድሪቱ ደርቃለች፤ በመንገዱ የሚነሣው አቧራ ነው እንጂ ጭቃ አይደለም። ስለ ዝገቱም እንዲሁ ነው። ዝገት ብረት ከውሃና ከአየር ጋራ ብዙ ጊዜ ሲቈይ የሚወጣ ነገር ነው። ይህች ታንክ ግን ከፋብሪካ ከወጣች ሦስት ዓመት ያልሞላት፥ በደረቅ አገር የምትሄድ አዲስ ዕቃ ነበረች። ስለዚህ ድንጋይ ሲፍቀው የዋለውን ሰንሰለቷን የሚረግጠውን ፊቱን እንደ ብር አብረቅርቀን፥ ውስጡን ብቻ ጥቂት አቡንነን ተውነው።

የቀለሙን መላጥ በተመለከተ ልጁን በቍጥር ረታሁት። በአምሳያው ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ጭረት በእውነተኛው ታንክ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ ማለት የሰው መዳፍ ወርድ ትበልጣለች። እንዲህ ያለ ቍስል በየስፍራው ያለባት ታንክ ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከቍርጥራጭ ብረት ሻጭ ግቢ የመጣች ትመስላለች። ሰው የሚረግጥበትና እጁን የሚያሳርፍበት ስፍራ ግን ይላጣል። ስለዚህ በክዳኖቿ ጠርዝና ወደ ላይ በሚወጣበት ማዕዘን ብቻ፥ የተቀደደ ስፖንጅ ጫፍ ጠቈር ባለ ቀለም ነክሮ፥ በወረቀት ላይ አራግፎ፥ ቀስ ብሎ መንካት በቂ ነው።

ለአቧራው ከጓሮ አፈር ወስደን፥ በፀሐይ አድርቀን፥ በሴት ካልሲ ነፋነው። የካልሲው ባለቤት ማን እንደ ነበረች መናገር አያስፈልገኝም። አፈሩ ሲደርቅ እንኳ ጠቈር ያለ ስለ ነበር የጠመኔ ዱቄት ጨመርንበት። ሲነፋ አፍንጫን በመሐረብ መሸፈን ነው። አቧራ እንደ ዱቄት በሁሉ ላይ እኩል አይበተንም፤ ሰንሰለቱ የሚያነሣው ወደ ጎኗና ወደ ጀርባዋ ይወጣል፤ በማዕዘንና በብሎኑ ሥር ይከማቻል፤ እጅ ከሚነካው ስፍራ ግን ይጠረጋል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አኑረን፥ በአንዲት ጠብታ አኳራጅ አጣበቅነው። ሲረጥብ ይጠፋና ሁሉ የተበላሸ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ይመለሳልና ጀማሪ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ ዳግመኛ እንዳይጨምርበት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጁ ቀይ ቀለም አውጥቶ ነበር። ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ከበሩ ላይ ቆማ ስትመለከት የነበረችው እኅቴ ገብታ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ታንኳን አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን ስታገላብጥ ቈይታ፥ «በውስጧ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ምን ሆኑ?» አለችው። ልጁ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም፥ ከእነዚያ ታንኮች ሰዎች ብዙዎቹ በዚያው እንደ ሞቱ፥ ከእኛም ወገን በመትረየሶቹ ፊት የወደቀው ብዙ እንደ ነበር ነገርሁት። ልጁ ቀዩን ቀለም ክዳኑን ዘጋው።

የቀረው የሰው ምስል ነበር። በሣጥኑ ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደር ስላልነበረ፥ ልጁ ከሌላ ሣጥን የተገኘውን አንዱን ምስል በሰም ነጠላ አልብሶ፥ እግሩን ባዶ አድርጎ አበጀው። ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከ9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለት 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው ነው። ከታንኳም አጠገብ ባቆመው ጊዜ፥ እኔና እኅቴ እርስ በርሳችን ተያየን። የታንኳ ራስ የደረሰው ከሰውየው ደረት ላይ ነበር።

አያታችን ስለ ደምበጉና ብዙ አይናገሩም ነበር። ልጆች ሆነን «ታንኩ ምን ያህል ነበር?» ብለን ስንጠይቃቸው፥ ተነሥተው መዳፋቸውን ከደረታቸው ላይ አድርገው «እስከዚህ» ይሉን ነበር። እኛ ግን ታንክ ሲባል ቤት የሚያህል ነገር መስሎን፥ እርሳቸው ትሕትና ስለሚያበዙ ነገሩን አሳንሰው የሚነግሩን ይመስለን ነበር። እኅቴ እንዲያውም አንድ ጊዜ «አባባ፥ እርሶ ስላልፈሩት ነው ያነሰብዎ» ብላቸው፥ «እንዴት አልፈራም ልጄ» ብለው ዝም ማለታቸውን አስታወሰች። እውነተኛዋ ታንክ ከምድር እስከ ራሷ 1 ሜትር ከ28 ነበረች። ሽማግሌው የነገሩን ልኩን ነበር።

አሁን ታንኳ ከፎቶግራፉ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ናት። ሰውየው በፊቷ ሳይሆን በጀርባዋ በኩል ይቁም ያለችው እኅቴ ናት፤ ክዳኗም እንዲከፈት አዘዘች። የሚያብረቀርቀው ቫርኒሽ እንዳይታይ በመጨረሻ ድብዝዝ ያለውን ቫርኒሽ ቀባናት። ለቤት ሠራተኛዋም፥ «ሌላውን ሁሉ ጥረጊ፤ ይህን አቧራ ግን እንዳትነኪው፤ የደምበጉና ነው» ብላ ስታስጠነቅቃት፥ ልጁ ከውስጥ ሆኖ፥ «ከጓሮ ነው፥ እማዬ» አለ።