ጭው የሚል ጆሮ

አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰው ረሽ ሊምቦ ኦክቶበር 2001 እ.ኤ.አ. መስማት እየተሳነው መሆኑን ለአድማጮቹ ተናገረ። ዓመቱ ሳያልቅ በቀዶ ሕክምና የመስሚያ መሣሪያ ተገጠመለት። ከ2 ዓመት በኋላ ደግሞ የማስታገሻ ኪኒን ሱሰኛ መሆኑን በዚያው ሬዲዮ አመነ። ሐኪሞቹ ጆሮውን የጎዳው የገዛ ሰውነቱ የበሽታ መከላከያ ነው ብለው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱን ነገር አያያዘ።

ማያያዙ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በሎስ አንጀለስ የሃውስ የጆሮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ2000 እ.ኤ.አ. የ12 ታካሚዎችን ታሪክ አሳትመዋል። ሁሉም የሞርፊን ወገን የሆነው ማስታገሻ ሃይድሮኮዶን ከፓራሲታሞል ጋር የተቀላቀለበትን ኪኒን ያለልክ ሲወስዱ የኖሩ ናቸው። ጆሯቸው በፍጥነት ደከመ፤ ስቴሮይድም አልመለሰውም። በኋላ በአይጥ የጆሮ ሴሎች ላይ የተደረገ ሙከራ ይበልጥ የጠረጠረው ፓራሲታሞሉን ነው፤ ያንን ከቤት የማይጠፋውን! ልኩን ጠብቆ አልፎ አልፎ ለሚወስደው ሰው ያን ያህል አያሰጋም። ሱስ የያዘው ሰው ግን ሃይድሮኮዶኑን ፍለጋ ፍሬ በጨመረ ቁጥር ፓራሲታሞሉንም ሳያስበው ይቆልላል። ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን የውስጥ ጆሮ ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በመድኃኒት ሳቢያ ጆሮ ጭው ማለት አዲስ ነገር አይደለም። ለወባ ኩዊኒን የወሰደ ያውቀዋል፤ «ኪኒን» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከዚሁ መድኃኒት ነው። የሃይድሮኮዶን ዘመድ የሆነውን ማስታገሻ ትራማዶልን ግን ማን ይጠረጥራል?

የትራማዶል ዋና አመል ራስ ማዞር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የሚወጣው መግለጫ፣ በሙከራው የመጀመሪያ 7 ቀናት ከ100 ታካሚዎች 26ቱን እንዳዞራቸው ይገልጻል። የሞርፊን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በውስጥ ጆሮ ያለውን የሚዛን መጠበቂያ ያስቆጡታል፤ ስለዚህ ተኝቶ ደኅና የነበረው ሰው ተነሥቶ ሲራመድ ያጥወለውለዋል። ለወገባቸው ሕመም ትራማዶል የታዘዘላቸው አሮጊት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ደግሞ ሌላ ማስታገሻ ይታዘዝላቸዋል።

ፋርማሲስቱ «ከምግብ በኋላ ውሰዱ» ብሎ መሸኘቱ አይበቃም። ያዞርዎታል ወይ፣ ጆሮዎ ጭው ይላል ወይ ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ምልክቱ የታየበት ሰውም ለረጅም ጊዜ የወሰደውን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ በድንገት አያቋርጥ፤ ማሸጊያውን ይዞ፣ በቀን ስንት ፍሬ እንደሚወስድ ሳይደብቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።