ዳቦውን ሰጥተን ሰላምታውን ነፈግን



በዱመርሶ አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ወጣት አለ። ቀድሞ እኔ ዘንድ ቁርአን ይቀራ ነበር። በየጁምዓው ዳቦ እሰጠው ነበር፤ ዓይኑን ግን አላየውም። አንድ ቀን «ኡስታዝ፣ ዳቦውን ሰጡኝ፤ ሰላምታውን ለማን አስቀመጡት?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በሶደቃዬ ራሴን ደግ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበርና!

ብዙዎቻችን «እብድ ምን ያውቃል?» እንላለን። ሐሰት ነው። ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ሕመም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ያሰማል፤ ሰው ሊጎዳኝ ነው የሚል ጥርጣሬም ያሳድራል። ንቀት የሚያመውን ልብ ግን አይወስድም። እንዲያውም ተጠራጣሪን የሚረዳ ሰው እርዳታው ከሌላው ይልቅ ግልጽ መሆን ይገባዋል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? አንዳንዱ ቤተሰብ ኪኒኑን በሻይ ውስጥ ደብቆ ያጠጣል። «ምግቤ ውስጥ መርዝ ይጨምሩብኛል» እያለ ለሚሰጋ ሰው ይህን ማድረግ የሕመሙን ውሸት በገዛ እጅ እውነት ማድረግ ነው። የደረሰበት ዕለት ኪኒኑንም፣ ምግቡንም፣ እናቱንም ይሸሻል። ሌላው በሰንሰለት ያስራል። አሳሪው ሁልጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ ልጁ እንዳይጠፋ ፈርቶ፣ ሕክምናውም ርቆበት ነው። የታሰረው ግን የሚያየው ፍርሃታችንን ሳይሆን ብረቱን ነው።

«ጂን ነው፤ ሩቅያ ይበቃዋል» የሚሉም አሉ። ሩቅያን አልነቅፍም፤ እኔም እቀራለሁ። ዱላን ግን ማን ሩቅያ አደረገው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረውናል። ቁርአን የተቀራለት ሰው ዲላ ሆስፒታል ቢሄድ የማን ኢማን ይጎድላል?

አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። አእምሮዋ ላይ አንድ ነገር የነበረባት ሴት ጉዳይ አለኝ ብላ ወደ ነቢዩ መጣች። እሳቸውም በአክብሮት ጠርተዋት፣ የትኛው መንገድ ላይ መቆም እንደምትሻ እንድትመርጥ ነገሯት፤ አብረዋትም ሄደው ጉዳይዋን እስክትጨርስ ሰሟት። ልብ በሉ! ቦታውን የመረጠችው እርሷ ናት። በሱረቱ አን-ኒሳእ 5ኛ አንቀጽም ገንዘቡን ማስተዳደር ለማይችል ሰው ምግብና ልብስ ብቻ ሳይሆን መልካም ንግግርም ታዟል።

ነገሩ የሞት ሽረት ነው። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው 121ዱ ሞተዋል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንደሚለው ዕድሜያቸው ወደ 30 ዓመት ገደማ ተቀጭቷል። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ለዚህ «እብደት ገደለው» ይባላል? በሶዶ ወረዳ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ ሠልጣኞች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲደግፉ፣ ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ተዳምሮ፣ ሕመምተኞቹ ዕለታዊ ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው ከሕክምና ብቻ በተሻለ ሁኔታ ጨምሯል። ይህ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለጎረቤት ከዚህ የሚከብድ ምን አለ?

ወላጆች ሆይ! በስሙ ጥሩት፤ ልጆቻችሁ ድንጋይ እንዳይወረውሩበት አስተምሩ፤ ኪኒኑን አሳይታችሁ ስጡት፤ ከመርዳታችሁ በፊት «ምን ላድርግልህ?» በሉት።

ያን ወጣት አሁን በየጁምዓው ሰላም እለዋለሁ። አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። ቢመልስም ባይመልስም ሰላምታው በእኔ ላይ ያለው ሐቁ ነው። ወላሁ አዕለም።