ለአርባ ሰው ኩበርኔቲስ?

የአርባ ሰው የንባብ ክበብ አለን። ግጥሞቻችንን የምናኖርበትን አፕ በራሳችን ሰርቨር ላይ እንጫን ስንባባል አንዱ ጓደኛችን ዘሎ «በኩበርኔቲስ ይሁን!» አለ። ለምን? ሲቪ ላይ ያምራላ!

እኔ ይሄን ፋሽን እቃወማለሁ። ኩበርኔቲስ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው፣ በብዙ ማሽኖች ላይ የተበተኑ ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር መሣሪያ ነው። የኛ ማሽን ደግሞ አንድ ነው። ለኛ ዶከር ኮምፖዝና አንድ የማዋቀሪያ ፋይል ይበቃናል። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ከሆነማ ግጥሙ ሁሉ ያለው አንድ ፋይል ውስጥ ነው፤ ማታ ማታ በራሱ የባክአፕ ትእዛዝ ቀድቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

«ሰርቨሩ ቢሞትስ?» ትሉኛላችሁ። ይሞታል። አፑም ለሰዓታት ይቋረጣል። ይቋረጥ! ግጥም ይጠብቃል። የማይመለሰው የጠፋ ግጥም ነው። አፑን ሦስት ቦታ ማስነሳት ደግሞ ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት የሰረዛችሁት ግጥም ከሦስቱም ቦታ ይጠፋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ዘመናዊው የቱ ነው?» አይደለም። «ያ ሲቪው ያማረለት ልጅ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ የቀረነው አፑን ከባክአፑ መልሰን ማስነሳት እንችላለን ወይ?» ነው። ዛሬ ማታ ባዶ ማሽን ላይ ሞክሩት። ካቃታችሁ አፑ የእናንተ አይደለም፤ የልጁ ነው።