የጋጋኡዝ ሕዝብ መብት፦ ከሕግ ወደ ተግባር

በምሥራቅ አውሮፓ፣ በደቡብ ሞልዶቫ የሚኖረው የጋጋኡዝ ሕዝብ በቋንቋው ከቱርኮች ወገን ሲሆን በሃይማኖቱ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። የታሪክ ሊቃውንት ገሚሶቹ ትውልዱን ከኦጉዝ ቱርኮች፣ ገሚሶቹም ቱርክኛን ከወረሱ ቡልጋሮች ይመዛሉ። እኛ ግን መብት ከዘር ሐረግ አይመነጭም እንላለን። በተለይ በ1806–1812 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሩሲያና የቱርክ ጦርነት ወቅት ከባልካን ወደ ቤሳራቢያ የፈለሰው ገበሬ አገሩን ያቀናው በላቡ ነው።

ይህ ሕዝብ በነሐሴ 1990 ሪፐብሊኩን ሲያውጅ ግጭት አንዣቦ ነበር። ሆኖም በታኅሣሥ 1994 የሞልዶቫ ፓርላማ ባወጣው ሕግ፣ መዲናው ኮምራት የሆነ ራስ ገዝ አስተዳደር ያለ ጦርነት ተመሠረተ፤ ጋጋኡዝኛም ከሞልዶቫ ቋንቋና ከሩሲያኛ እኩል የሥራ ቋንቋ ተባለ።

ዳሩ ግን ትምህርት በአመዛኙ በሩሲያኛ ስለሚሰጥ ጋጋኡዝኛ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖበታል። በሕግ የተገኘ መብት በተግባር ካልተተረጐመ ከወረቀት እንደማያልፍ ልብ ልንል ይገባል።