የሙሽራው ጓደኞችና የተኩሱ ቀን

የጋብቻ ቀን ሲቃረብ የሙሽራው ጓደኞች ሥራ ይበዛባቸዋል። ሽማግሌ ተልኮ፥ ቀኑ ተቆርጦ፥ የዳሱና የጠላው ጉዳይ ለዘመድ ከተተወ በኋላ ለሚዜዎች የሚቀረው አንድ ነገር ጓደኛቸውን ከወንደላጤነት ኑሮ በደስታ ማሰናበት ነው። ይህ ስንብት በአባቶቻችን ዘንድ የራሱ ቀን አልነበረውም፤ ሚዜ ከሙሽራው ጎን የሚቆመው ለሠርጉ ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ «ባችለር ፓርቲ» ተብሎ የሚጠራው ግብዣ እየተለመደ ሄዶ፥ በየወረዳው ከሚመደቡት ወጣት ሠራተኞች ጋር አብሮ አገሩን በመዞር ላይ ይገኛል።

ነገሩን ከሥሩ ለመንቀፍ አልተነሣንም። እንዲያውም ቀኑን በሙሉ በመጠጥ ቤት ከማሳለፍ ይልቅ ወደ ሜዳ ወጥቶ እጅንና ዓይንን የሚያሠራ ጨዋታ መጫወት የሚሻል መሆኑን በበኩላችን እናምናለን። በእንግሊዝ አገር የሙሽራ ጓደኞች ለአንድ ቀን ሜዳ ተከራይተው በሸክላ ዒላማ ላይ ሲተኩሱ መዋላቸው የታወቀ ልማድ ነው። ይህን የሰሙ የእኛም ወጣቶች «እኛስ ለምን አናደርገውም?» ቢሉ አያስደንቅም። የሚያሳስበን ይህ ጥያቄ እንደ ሃና ባለ ስፍራ የተጠየቀ እንደሆነ ነው።

ሃና በደቡብ ኦሞ የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ነው። በወረዳው ቦዲዎች፥ ሙርሲዎችና ዲሜዎች ይኖራሉ። ከሌላ ክፍል ተመድቦ የመጣ መምህር፥ የጤና ባለሙያ ወይም የግብርና ሠራተኛ በዚያ ጥቂት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያው ሳለም ለማግባት ያስባል። ጓደኞቹ ደግሞ ስንብቱን ለማዘጋጀት ይሰበሰባሉ እንበል። ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ «መሣሪያ እንደሆነ በአካባቢው አለ፤ አንዱን ክላሽ ተውሰን፥ ጥቂት ጥይት ፈልገን፥ ከከተማው ወጣ ብለን ብንተኩስስ?» ይላል። ከተሰበሰቡት ውስጥ ጠብመንጃ ይዞ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ቢሆንም ኀሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ፎቶግራፍ እንደሚነሡበትም ከወዲሁ ይታያቸዋል።

መቼም ጠብመንጃና ሠርግ በአገራችን የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። ሙሽራው መጣ ሲባል መተኮስ በብዙ ስፍራ የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። የመሣሪያዎቹ ስም ራሱ በቋንቋችን ሀብት ውስጥ ገብቷል፤ ስናድር፥ ውጅግራ፥ ምንሽር ማለት ከአገር ቤት ሽማግሌዎች ጋር ለተጨዋወተ ሰው የታሪክ ምዕራፍ እንደ መጥራት ነው። ነገር ግን ወጣቱ የሚዘነጋው አንድ ጉዳይ አለ። ውጅግራ የሚጎርሰው አንዲት ጥይት ብቻ ነበር። ባለቤቱ ጥይቱን እየቆጠረ ይይዛል፤ አንዷን ለሠርግ ሲያወጣ ሌላዋን ለማጉረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ ማሰብ ይችላል። የዓድዋ ድል በየካቲት 1888 ዓ.ም. ከተገኘ ጥቂት ሳምንታት በኋላ በአቴና በተከፈተው የመጀመሪያው ዘመናዊ የኦሊምፒክ ውድድር ላይም ተኩስ አንዱ የስፖርት ዓይነት ነበር፤ እዚያም ቢሆን ተወዳዳሪው የሚመሰገነው በመቆጠቡና በመረጋጋቱ እንጂ ባጠፋው የጥይት ብዛት አልነበረም።

ክላሽንኮቭ ግን ሌላ ነገር ነው። ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል፤ ሳያቋርጥ ሲተኩስ በደቂቃ ወደ 600 ጥይት በሚደርስ ፍጥነት ስለሚሠራ ካዝናው በሦስት ሴኮንድ ያህል ጊዜ ባዶ ይሆናል። ከዚህ ላይ ጀማሪዎች የማያውቁትን አንድ ረቂቅ ነገር እንንገራቸው። በመሣሪያው ጎን ያለው መቆለፊያ ላይኛው ቦታ ላይ ሲሆን ቃታው አይሳብም። ከዚያ ወደ ታች አንድ እርምጃ ሲወርድ የሚገኘው ነጠላ ተኩስ ሳይሆን የማያቋርጠው ተኩስ ነው፤ ነጠላው የሚገኘው እስከ መጨረሻ ሲወርድ ነው። ለወታደር ይህ የታወቀ ነው። ጀማሪው ግን «ቀስ ብዬ በትንሹ ልክፈተው» ብሎ አንድ እርምጃ ያወርደዋል፤ አንዲት ጥይት እተኩሳለሁ ብሎ ቃታውን ሲስብ መሣሪያው በእጁ ላይ ይዘልላል፤ አፈሙዙም ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይሸሻል። በቀኙ በኩል የቆመው ደግሞ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ጓደኛው ሊሆን ይችላል።

«ወደ ሰማይ እንተኩሳለን እንጂ ወደ ሰው አንተኩስም» የሚሉም አይታጡም። ይህ ክርክር ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ጥይቷ ከክላሽ አፈሙዝ ስትወጣ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ትሄዳለች። ቀጥ ብላ ወደ ላይ የተተኮሰች እንደሆነ ኃይሏ አልቆ ትመለሳለች፤ በአሜሪካ የጦር ሠራዊት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተደረገ ሙከራ ተራ የጠብመንጃ ጥይት ስትመለስ በሴኮንድ 90 ሜትር ገደማ እንደምትወርድ ተገምቷል። ይህ ፍጥነት የሰው ራስ ቅል ለመጉዳት አያንስም። ይሁን እንጂ በሠርግ ቤት ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሚተኩስ ማን አለ? ሰው ሲደሰት መሣሪያውን አዘንብሎ ነው የሚተኩሰው። ያን ጊዜ ጥይቷ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ተኳሹ በማያየው ስፍራ ትወድቃለች። ኢራቅ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የእስያን የእግር ኳስ ዋንጫ በወሰደችበት ሰሞን ሕዝቡ በደስታ ሲተኩስ ሰዎች ሞተዋል። በአፍጋኒስታን በኡሩዝጋን ክፍለ ሀገር በሰኔ 1994 ዓ.ም. በአንድ የሠርግ ግብዣ ላይ የተሰማው የደስታ ተኩስ ከሰማይ ለነበሩት የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጠላት ተኩስ መስሎ ታይቶ በወረደው ድብደባ ብዙ ሰው እንዳለቀ የዓለም ጋዜጦች ጽፈዋል።

አፍጋኒስታን ሩቅ ነው ይባል ይሆናል። ተኩስ ለሰሚው የሚሰጠው ትርጉም ግን በሃናም ዙሪያ ቀላል አይደለም። በ1979 ዓ.ም. ሙርሲዎች አውቶማቲክ መሣሪያ በያዙ የኛንጋቶም ሰዎች በተጣለባቸው አደጋ ብዙ መቶ ሰው አጥተዋል፤ ከሞቱትም የሚበዙት ሴቶችና ልጆች እንደነበሩ ሙርሲዎችን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት እንግሊዛዊው ምሁር ዴቪድ ተርተን ጽፈዋል። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ አባወራ ነው። ከብት ይዞ በሜዳ የዋለ እረኛ ከቁጥቋጦው ወዲያ ተከታታይ ተኩስ ቢሰማ «የመምህሩ ሚዜዎች እየተጫወቱ ነው» ብሎ ሊያስብ ከቶ አይችልም። ከብቱን ሰብስቦ ይሸሻል፤ ወይም ወንድሞቹን ይጠራል። በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ከሆነም ጠባቂው ጎሽ የሚያድን ሰው ገባ ብሎ ይነሣል። አምስት ወጣቶች ለሳቅ ያደረጉት ነገር ለሌላው የአንድ ቀን ፍርሃት፥ ምናልባትም የአንድ ወር ጠብ ይሆንበታል።

ሌላም ነገር አለ። በሙርሲዎች ዘንድ ለሙሽሪት ቤተሰብ የሚሰጠው ጥሎሽ በሙሉ ልክ ሲታሰብ 38 ከብት ነው ይባላል፤ ጠብመንጃም አንዳንድ ጊዜ ከጥሎሹ ጋር ይቆጠራል። እንግዲህ በዚያ አገር መሣሪያ ማለት ለጋብቻ የሚከፈል፥ ከብትና ልጅ የሚጠበቅበት ንብረት ነው። ጥይቱም በከንቱ አይባክንም። ከከተማ የመጣው ሠራተኛ ይህንኑ ዕቃ መጫወቻ አድርጎ ሲያባክነው የአገሬው ሽማግሌ ምን እንደሚለው መገመት አያዳግትም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ብንል ይበቃል፤ አንባቢዎቻችን አብዛኛዎቹ ሕግ አስፈጻሚዎች ወይም ወደፊት የሚሆኑ ናቸውና። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃዱ ስሙ ለተጻፈበት ሰው እንጂ ለሰውየው ጓደኞች የተሰጠ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል፤ «ሠርግ ነበር» ማለት መከላከያ አይሆንም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚሊሻውን ወይም የፖሊሱን መሣሪያ «ለአንድ ሰዓት» ብሎ መዋስ ነው። ያ መሣሪያ ለሥራ የተሰጠ የመንግሥት ንብረት ነው። ወጣቱ ሹም በሥልጣኑ ተማምኖ ሲጠይቅ ሚሊሻው እንቢ ለማለት ያፍራል፤ ነገ ጥይቱ ሲቆጠር የሚጠየቀው ግን ሹሙ ሳይሆን ሚሊሻው ነው። እንዲህ ያለው ውለታ ጓደኝነት አይባልም።

ታዲያ ተኩስ ለጀማሪ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነውን? አይደለም። እንግሊዞቹ የሚያደርጉትን ከላይ ሳንዘረዝር ያለፍነው እዚህ ላይ እንዲጠቅመን ነው። ዒላማው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የሸክላ ሳህን ናት፤ መወርወሪያ መኪና ወደ ባዶ ሜዳ ያስፈነጥራታል። የሚተኮስበትም መሣሪያ ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን ስለሆነ ፍንጣሪው ከጥቂት መቶ ሜትር አያልፍም። ባንድ ጊዜ የሚተኩሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አስተማሪው ከትከሻው አጠገብ ቆሞ ጥይቱን ራሱ እየቆጠረ ይሰጠዋል፤ የቀሩት ከመሥመር ኋላ ሆነው ይጠብቃሉ። የተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ስለሚበልጥ ሁሉም ጆሮውን ይሸፍናል። ቢራ የሚከፈተው መሣሪያዎቹ ተቆልፈው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ማንኛውም መሣሪያ እንደ ጎረሰ ይቆጠራል፤ አፈሙዝ ወደ ሰው አይዞርም፤ ዓይን ዒላማውን ሳይዝ ጣት ወደ ቃታ አይገባም፤ ከዒላማው ወዲያ ያለውንም ሳያዩ አይተኮስም። ይህ ሁሉ ባለበት ስፍራ፥ ፈቃድ ያለው ሜዳና ደመወዝ የሚከፈለው አስተማሪ በተገኘበት፥ ጀማሪ ቢተኩስ ነውር የለበትም። በሃና ግን ሜዳውም አስተማሪውም ሳይኖር የሚኖረው ክላሹ ብቻ ከሆነ፥ ከጨዋታው ውስጥ የቀረው አደጋው ብቻ ነው ማለት ነው።

ይልቅስ ሚዜዎቹ ዓይናቸውን ወደ አገሬው ጨዋታ ቢመልሱ ደስ ባለን። ሙርሲዎች ዶንጋ በሚባለው የዱላ ግጥሚያ የታወቁ ናቸው። ሁለት ጎበዞች ረጃጅም ዱላ ይዘው ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ዳኛ አለ፤ ተጋጣሚን መግደል ክልክል ነው። እንግዲህ «ኋላ ቀር» እያልን በምንጠራው ጨዋታ ውስጥ ዳኛና ደንብ ሲኖር፥ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች ያለ ዳኛና ያለ ደንብ ክላሽ ልንተኩስ መነሣታችንን ምን እንበለው? ሠራተኛው ዶንጋ ይግጠም ማለታችን ግን አይደለም፤ በሠርጉ ቀን ክንዱን አንጠልጥሎ እንዲቆም አንፈልግም። መመልከት ይችላል፤ ተጋብዞ ከሄደ።

ለጀማሪ የሚሆነው ወንጭፍ ነው። አትሳቁ። ዋጋው ከቁራጭ ገመድ አይበልጥም፤ ድምፁ ማንንም አያስደነግጥም፤ ዒላማ መምታቱ ግን ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ማሽላ ከወፍ ሲጠብቁ ያደጉ ልጆች ካሉ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአስተማሪነት መጥራት ነው፤ ዲግሪ የያዘው ሙሽራ በአሥር ዓመት ልጅ ሲረታ ከማየት የበለጠ የስንብት ሳቅ ከየት ይገኛል? በወንጭፉ ላይ የጦር ውርወራ ሊጨመር ይችላል፤ ጆንያ ጭድ ሞልቶ ከዛፍ ማንጠልጠል ይበቃል።

ደንቡ ግን ከተኩሱ ደንብ አይላላም። ስፍራው ከብት የማያልፍበት፥ ወዲያው ገደል ወይም አፈር ግንብ ያለው ይሁን። ለቀበሌው ሰዎች ከቀደመው ቀን ይነገር። ወርዋሪው አንድ፥ ዳኛው አንድ፥ የቀሩት ሁሉ ከኋላ። ዳኛውም ከሚዜዎቹ መካከል የማይጠጣው ይሁን። ለአሸናፊው ልጅ ደብተርና እስክርቢቶ፥ ለተሸናፊው ሙሽራ ፍየሉን መግፈፍ ይድረሰው። ወጪውን ሚዜዎቹ ያዋጡ እንጂ ሙሽራው አይጠየቅ። ቀኑም ከሠርጉ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ቢል መልካም ነው፤ ወንጭፍ ለጀማሪ ጣት ላይ ስለሚጠመጠም፥ ባበጠ ጣት ላይ ቀለበት ማስገባት ያስቸግራልና።