ደጃፍ ላይ የሚረገጠው ገንዘብ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው ጎዳና አምቦን አልፈው 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የሚያገኟት ጉደር ለብዙ ሰው ስሟ የሚታወቀው በወይን ጠጁ ነው። ለነዋሪዋ ግን ክረምት ከገባ ከወይኑም ከወንዙም ይልቅ የሚያነጋግረው ጭቃው ነው። ጭቃ ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚከፈለውም በየቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። የዶላሩ ተመንና የጤፉ ዋጋ እያለ ስለ በራፍ ምንጣፍ ማውራት ምን የሚሉት ነው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁንና በየክረምቱ ከአንድ ቤተሰብ ኪስ የሚወጣው ሲደመር ነገሩ ከጌጥ ጉዳይነት ያልፋል።

ከጊንጪ እስከ አምቦ ባለው ሜዳ የሚበዛው ጥቁር አፈር ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ አብጦ እንደ ሙጫ የሚይዝ ሸክላማ አፈር ነው። የእርሻ ተመራማሪዎች ጊንጪ ላይ ውኃውን ከማሳ ለማጠንፈፍ ዓመታት የደከሙበትም ይኸው አፈር ነው። ገበሬው በማሳው ላይ የሚታገለውን የከተማው ሰው በጫማው ሶል ይዞት ሳሎን ይገባል። በየከተሞቻችን አስፋልቱ የዋናው ጎዳና ነው፤ ኮብልስቶኑም ሁሉም መንደር አልደረሰም። ለመንገድ ሳይወጣ የቀረ ገንዘብ ደግሞ ተርፎ የቀረ ገንዘብ አይደለም። ወደ ነዋሪው ይዛወራል፤ ነዋሪውም በሳሙና፣ በጫማና በምንጣፍ መልክ ይከፍለዋል። ደረሰኝ የማይቆረጥለት የጭቃ ግብር ብንለው ያስኬዳል።

ግብሩን የሚያከብደው የእንግዳ አቀባበላችን ነው። እንግዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲመለከት ባለቤቷ "ኧረ ግድ የለም፣ ይግቡ!" ማለቷ አይቀርም። እንግዳን ጫማ ማስወለቅ ነውር የሚመስላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ጭቃውን ሊያስቀር የሚችለው ደጃፉ ላይ የተነጠፈው ነገር ብቻ ነው ማለት ነው። በበዓል ቀን የሚጎዘጎዘው ቄጤማ፣ ከውበቱና ከሽታው ሌላ፣ የእግሩን ቆሻሻ ይዞ በማግስቱ ተጠርጎ የሚወጣ ምንጣፍ ነው። በአዘቦቱ ግን ደጃፉን የያዘው ጆንያ ነው። የቃጫው ጆንያ ጭቃ ይፍቃል፣ ውኃ ይመጥጣል፣ ሲበቃው ይታጠባል፤ ውበት የለውም እንጂ ሥራውን ያውቃል። አሁን አሁን ቦታውን የወሰደው፣ ማዳበሪያ ስለመጣበት "ማዳበሪያ" እያልን የምንጠራው የፕላስቲክ ከረጢት ግን ውኃ አይጠጣም። ሴራሚክ ላይ ሲነጠፍማ ጭራሽ ይንሸራተታል። አንድ አዛውንት ወድቀው ቢሰበሩ የሕክምናው ወጪ የስንት ምንጣፍ ዋጋ እንደሚሆን ማስላቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ጆንያ የሰለቸው ቤተሰብ ወደ ሱቅ ይሄዳል። እዚያ የሚጠብቀው በአብዛኛው ከመርካቶ የመጣ፣ ቱርክ ወይም ቻይና ውስጥ በማሽን የተሠራ ምንጣፍ ነው። የቱርኳ ጋዚያንቴፕ የማሽን ምንጣፍ በዓለም ላይ በብዛት ከሚመረትባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ምርቷ መናኛ ነው የሚል የለም። ጥያቄው ለየትኛው ደጃፍ ተሠራ? ነው። ነጋዴው "እናቴ፣ ይቺ አሁን የገባች ሞዴል ናት" እያለ የሚዘረጋው ጸጉሩ የረዘመ፣ ቀለሙ ወደ ነጭ የሚያደላ ምንጣፍ ለመኝታ ቤት ያምራል። ደጃፍ ላይ ሲውል ግን ጭቃው ጸጉሩ ሥር ይገባል። በሐምሌ ቢታጠብ ፀሐይ የለምና ቀናት ሙሉ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ሲነጠፍም ይሸታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ስህተቱ ተወድዷል። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የመጣን ምንጣፍ ጭቃ ላይ መዘርጋት ዶላር ጭቃ ላይ ከመዘርጋት ብዙም አይለይም።

ታዲያ ምን ዓይነቱ ይገዛ? ከቀለሙ በፊት ርዝመቱን ማየት ይበጃል። የአንድ ጎልማሳ ሰው እርምጃ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የእግር መጥረጊያ ደግሞ የተለመደ ልኩ 40 በ60 ነው። ሰውየው ቆም ብሎ ካልጠረገ በስተቀር አንዱ እግሩ ምንጣፉን ሲረግጥ ሌላው ዘሎት ሳሎን ገብቷል፤ ግማሹ ጭቃ ቀረጥ ሳይከፍል አለፈ ማለት ነው። ሁለቱም እግሮች እንዲያርፉበት ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ማነስ የለበትም። ወርዱም ከበሩ ብዙ ባይጠብ ይመረጣል። ሰፊ በር ሥር የተጣለች ጠባብ ምንጣፍ የልጅ ኮት የለበሰ ሰው ታስመስላለች፤ እግርም በጎኗ ያልፋል።

ሁለተኛው ነገር ሥራውን መከፋፈል ነው። የሚፍቀው ውጭ፣ የሚመጥጠው ውስጥ መሆን አለበት። አንድ ምንጣፍ ሁለቱንም እንዲሠራ ሲጠየቅ ሁለቱንም ያበላሻል። ለውጪው የሠፈር በያጅ ከተራረፈ ፌሮ የሚሠራው ፍርግርግ ይበቃል፤ ጭቃው በቀዳዳው ይወርዳል፣ በባልዲ ውኃም ይጸዳል። ከረከቦት ሥር የሚነጠፈው አረንጓዴው የፕላስቲክ ሣርም ለዚህ ሥራ የሚናቅ አይደለም። (ለጸሐፊው ዓይን ፕላስቲክ ቄጤማ የትም ቢሆን አያምርም፤ ጭቃ አራጋፊነቱን ግን መካድ አይቻልም።)

የውስጡ ጸጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ብዙ ሰው የሚረሳው የበሩን ሥር መለካት ነው። የላሜራ በር ወደ ውስጥ ሲከፈት ወፍራሙን ምንጣፍ እየገፋ ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ምንጣፍ ደግሞ እግር ይይዛል። የክብሪት ቀፎ በጀርባው አስተኝቶ በበሩ ሥር ማሳለፍ ነው። ቀፎው ካላለፈ ወፍራም ምንጣፍ አይገዛም። እንዳይንሸራተት ጀርባው ጎማ ያለውን መምረጥ፣ ከሌለ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀጫጭን ቁራጭ ቆርጦ አራቱም ማዕዘን ላይ መስፋት ይቻላል። ቀለሙን የአካባቢው አፈር ይወስነዋል፤ በጥቁር አፈር አገር ግራጫና ቡና ዓይነት የተደባለቀበት፣ በቀይ አፈር መንደር ወደ ጡብ ቀለም የሚሄድ። ደማቁ ጥለት ጠርዙ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ የሚረገጠው መሀሉ ነውና።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንዲት እመቤት በሰኔ 4,000 ብር ከፍለው ያመጡት ነጭ ምንጣፍ መስከረም ላይ የውሻ ማደሪያ ሆነ እንበል። የዓመቱ ወጪ 4,000 ብር ነው። ጎረቤታቸው ደግሞ 10 ዓመት የሚቆይ ፍርግርግ በ1,500 ብር አሠርተው፣ ሦስት ዓመት የሚያገለግል የሱፍ ምንጣፍ በ6,000 ብር ገዙ። የእርሳቸው ወጪ በዓመት 150 እና 2,000፣ በድምሩ 2,150 ብር ይሆናል። ሳሎን ውስጥ ያለው ትልቁ ምንጣፍ ከጭቃ መዳኑ እዚህ አልተቆጠረም። ሆኖም ጎረቤትየዋ በአንድ ጊዜ 7,500 ብር ማውጣት ነበረባቸው። ብዙ ቤተሰብ ውዱን መንገድ የሚመርጠው ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም፤ ያን ያህል ገንዘብ በአንድ ቀን ስለማይገኝ ነው። ለዚህ ከዕቁብ የተሻለ ባንክ አላየሁም። የዕቁቡ ዕጣ ከክረምቱ በፊት ከወጣ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ከነጋዴው ጋር መከራከር ያስቸግራል።

አሁን የሚቀረው፣ ያ የሱፍ ምንጣፍ ከየት ይመጣል? የሚለው ነው። አስቸጋሪው ጥያቄም ይኸው ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለሹራብ አይመችም፣ ለምንጣፍ ግን ሻካራነቱ ጥቅም ነው። ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት በውስጡ ይይዛል፤ የፕላስቲክ ክር ምንም አይዝም ማለት ይቻላል። መንዞች ባናና በርኖስ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ላይ የተቋቋመው ፋብሪካም በሱፍ ብርድ ልብስ ስሙን አትርፏል። ወደ ምዕራብ ሸዋ ስንመለስ በየጓሮው እንሰት አለ። ቆጮው ተፍቆ ሲወጣ የሚተርፈው ቃጫ ገመድ ከመሆን አልፎ ወፍራም የደጃፍ ምንጣፍ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የአገር ውስጥ ሸማኔ በዋጋ ተሸነፈ ሲባል እንሰማለን። በእኔ አስተያየት ግን ከዋጋው በፊት የሚሸነፈው በልክ ነው። የሱፍ ምንጣፍ የሚሠራው ወይ ለሳሎን ነው፣ ወይ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጌጥ ነው። አንበሳና ላሊበላ የተሠራበትን ምንጣፍ ማንም ሰው በጭቃ ጫማ አይረግጥም። በበር ልክ፣ 80 በ150 ሆኖ፣ ሥዕል የሌለው፣ ጠርዙ በደንብ የተቆለፈ ምንጣፍ ጉደር ገበያ ላይ ቢወጣ ከሳሎኑ ያነሰ ሱፍ፣ ያነሰ ጉልበት፣ ያነሰ የመጫኛ ዋጋ ይጠይቃል። ገዢው ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ይመለሳል። ወጣቶችን በማኅበር አደራጅተናል የሚሉት ክፍሎች የሥልጠና የምስክር ወረቀት ከማደላቸው አስቀድሞ ለሠልጣኙ አንድ ሜትር ሰጥተው የአሥር ቤት በር እንዲለካ ቢያደርጉት ገበያውን በአንድ ቀን ያውቀዋል። ነጋዴውም ቢሆን በየክረምቱ ነጩን ምንጣፍ ሸጦ ከሚታማ፣ ለሙከራ አምስት የሱፍ ምንጣፍ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቢያነጥፍና ደንበኛው ረግጦት ቢገባ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይሻለዋል።

ሱፍ ጣጣ የለውም ለማለት አይደለም። ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ በክረምት ከማጠብ ይልቅ ጭቃው እስኪደርቅ ጠብቆ በዱላ ማራገፍ ነው። ብልም ይወደዋል። በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ላይ ተገልብጦ ቢሰጣ፣ ተጠቅልሎም አልጋ ሥር ከመክረም ይልቅ ቢረገጥ ይጠቅመዋል፤ ብል የሚራባው በጨለማና ነካ በማይደረግ ሱፍ ላይ ነውና።